ቦዲን አይቼ ትዝ አልሽኝ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን። ሰሞኑን ያየሁትን ግን ከአንቺ በቀር የማወራው ሰው አጣሁ። ተማሪዎችሽን ይዘሽ ፋሲል ግቢ ስትገቢ፣ ነገሥታቱን ትተሽ «እንጀራው የት ይጋገር ነበር? ውኃውንስ ማን ይቀዳ ነበር?» እያልሽ የምትጠይቂያቸው ነገር ትዝ አለኝ።

በካሊፎርኒያ ምሥራቅ፣ ከኔቫዳ ድንበር አጠገብ፣ ቦዲ የምትባል ነዋሪ የሌላት የወርቅ ከተማ አለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,550 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ዛፍ በሌለበት ገላጣ ቦታ ነው ያለችው። በብርዱ ወራት መንገዷን በረዶ ይዘጋዋል። ስሟ የመጣው በ1859 እ.ኤ.አ. እዚያ ወርቅ ካገኘው ቦዲ ከሚባል ሰው ነው። እሱ ግን በዚያው ብርድ በበረዶ ማዕበል ሞተ፤ ከተማዋን ሳያያት ቀረ።

በ1876 ስታንዳርድ በሚባለው የማዕድን ጉድጓድ ብዙ ወርቅ ሲገኝ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 8,000 ያህል ሰው ጎረፈ። ቻይናውያኑ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ማገዶና የቤት እንጨት ከሞኖ ሐይቅ ማዶ በባቡር ይመጣ ነበር። ከ1881 ወዲህ ግን ወርቁ እየሳሳ፣ ሰዉም ሌላ ማዕድን ፍለጋ እየተበተነ ሄደ። የሚገርመው፣ ከተማዋ እያሽቆለቆለች ሳለ በ1892 አካባቢ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለ ወንዝ የመነጨ ኤሌክትሪክ በሽቦ ተስቦ የወርቁን ድንጋይ የሚፈጨውን ወፍጮ አንቀሳቀሰ። በዚያን ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በ1932 ደግሞ እሳት ተነስቶ አብዛኛውን በላው፤ በክብሪት የተጫወተ ሕፃን ነው ያስነሳው ይባላል። በ1942 መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የወርቅ ማዕድኖችን ሲያዘጋ፣ ፖስታ ቤቷም በዚያው ዓመት ተዘጋ። የተረፈውን ያቆየው የኬን ቤተሰብ ነው። ጄምስ ኬን በእንጨት ንግድ ጀምሮ ባለ ባንክ የሆነ ሰው ነበር፤ ሌላው ሲሄድ እሱ ቤቱንም ማዕድኑንም ይገዛ ነበር። ቤተሰቡ ዘበኛ ቀጥሮ አስጠበቀና በ1962 የካሊፎርኒያ ግዛት ፓርክ ሆነች።

አሁን ወደ 110 ቤቶች ቆመዋል። ጣሪያ ሲያፈስ ይደፈናል፤ ግድግዳ ሲዘም በእንጨት ይደገፋል። ቀለም ግን አይቀባም፣ ውስጡ ያለው አቧራም አይጠረግም። አብዛኞቹ ቤቶች ስለማይገባባቸው ግንባሬን መስኮት ላይ አስደግፌ ነው ያየሁት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዴስኮቹ እንደተደረደሩ፣ ሉሉም እንደተቀመጠ ነው። ሱቁ ውስጥ በቆርቆሮ የታሸጉት ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ ናቸው። አንድ ቤት ውስጥ የግድግዳው ወረቀት ተልጦ በብረት አልጋው ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሩቅ ተራራ ዕቃ ጭኖ መውረድ ከዕቃው ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣ፣ ብዙው ሰው የቻለውን ብቻ ይዞ ወጣ። ምድጃ፣ ጫማ፣ የልጅ መጫወቻ ሁሉ እዚያው ቀረ። አንቺ የምትጠይቂው ጥያቄ ሁሉ እዚያ መልስ አለው።

ከቦታው ሚስማር ወይም የመስታወት ስባሪ የወሰዱ ሰዎች መከራ እየገጠመን ነው ብለው ዕቃውን በፖስታ ይመልሳሉ፤ ደብዳቤዎቻቸው ሙዚየሙ ውስጥ ተሰቅለዋል። ከቦታው ዕቃ የወሰደ ይረገማል የሚባለውን እኔ አላምንም፤ መመለሳቸው ግን ደስ አለኝ።

ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ግንብ በሲሚንቶ ጠግነውት ኋላ ሲሚንቶው ተነቅሎ በኖራ እንደተተካ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ቦዲን ካየሁ በኋላ ልቤ ያዘነበለው ወደማያሳምሩት ነው፤ አዲስ ቀለም ቢቀቡት ኖሮ የማየው ቀቢውን እንጂ የኖሩትን ሰዎች አይሆንም ነበር። ግን ቦዲን የሠራት ሰው ሄዷል፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ በግንቡ አጥር ሥር ሰው ይኖራል፣ ይነግዳል፣ ጥምቀትን ያከብራል። ስለዚህ ለፋሲል ግቢ እንዳለ መጠበቅ ወይስ ማሳመር፣ የትኛው ይሻላል ትያለሽ? ያንቺን ሐሳብ በረጅሙ ጻፊልኝ። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ