ለአስታማሚዎች፣ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችና ለጎረቤቶች፦ የክረምቱ ምስጋናችን

የነርቭ ሕመም ክትትል ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች ነን። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በበረታበት በዚህ ክረምት ሕሙማኖቻችንን ቤታቸው ሆናችሁ የጠበቃችሁልንን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን።

በቅድሚያ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ለምታስታምሙ እናቶችና አባቶች። ትኩሳቱ ራሱ በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ነገሩን የሚያብሰው ግን ልጁ ምግብ ሲያስጠላው ወይም ሲያስመልሰው የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል መቋረጡ ነው። እናንተ አላቋረጣችሁም። ክኒኑን እንደዋጠ ሲያስመልሰው በግምት ከመድገም ደውላችሁ ጠየቃችሁ። ፓራሲታሞሉንም በክብደት ሰጣችሁ፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ በቡና ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያው። አስፕሪን ለልጅ አለመስጠታችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ በኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ሲሰጥ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም ሊያስከትል ይችላል።

ልጁን ሲጥለው ክብሪት ሳትጭሩ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ ሳትከቱ በጎኑ አስተኝታችሁ ሰዓት ለያዛችሁ ጎረቤቶች፣ እግዜር ይስጥልን። 5 ደቂቃ ሲያልፍ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጣችሁ ልክ ነበር።

ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የምንለው ብዙ ነው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የምትሉት ጥያቄ ሕይወት ያተርፋል። ሳል የያዘው ሰው ሁሉ አዚትሮማይሲን ይጠይቃል፤ ቫይረስን ግን አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻ ቶሎ የሚደክምበት ሕመም) ላለበት ደግሞ አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ጀንታማይሲን ነርቭ ለጡንቻ የሚያደርሰውን ትእዛዝ ይበልጥ ያዳክማሉ፤ ትንፋሽ እስከ ማሳጠር ይደርሳሉ። ማስመለስን ለማስቆም የሚሸጠው ፕላሲልም በአንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚያግድ፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛን (እንቅስቃሴው የሚዘገይና ሰውነቱ የሚገተር ሰው) ሰውነት ይበልጥ ግትር ያደርገዋል። ለኮቪድ የሚታዘዘው ፓክስሎቪድ ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ከካርባማዜፒን፣ ከፌኒቶይን ወይም ከፌኖባርቢታል ጋር ሲወሰድ ጉልበቱን ያጣል። ሳትሸጡ ወደ እኛ ለላካችኋቸው ሁሉ እናመሰግናለን።

የፓርኪንሰንና የስትሮክ አስታማሚዎች ድካም ብዙ ሰው አያየውም። ሳል የማስወጣት አቅሙ የደከመ ሰው ጉንፋን ሲይዘው ምግቡ ትን ይለውና ወደ ሳንባው ይገባል፤ የሳንባ ምች የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁ፣ ውሃ ትን ለሚለው ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ አጉርሳችሁ፣ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ ሳታስተኙ ቆይታችኋል። ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ ውሃ ሲል ማጉረሱን አቁማችሁ ደወላችሁልን። የፓርኪንሰን መድኃኒቱን ሌቮዶፓንም በሰዓቱ ሰጣችሁ። በድንገት ቢቋረጥ ራሱ ከፍተኛ ትኩሳትና መገተር ሊያመጣ፣ ሐኪምንም ሌላ ኢንፌክሽን መስሎ ሊያሳስት ይችል ነበር።

በፍልሰታ ጾም «መድኃኒትህን ውሰድ፣ ምግብም ቅመስ» ብላችሁ ለመከራችሁ የንስሐ አባቶችም ምስጋናችን ይድረስ።

ማያስቴኒያ ኖሮባችሁ ሳል እስካሁን ያለቀቃችሁ፣ በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካቃታችሁ ወይም ምራቅ መዋጥ ከከበዳችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ኑ፤ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ።