ለደንበኞቻችን፦ አሮጌ የእንጨት ቀስት ለመተኮሻ ማደስ ስለማቆማችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ወር ይህንኑ ማቆማችንን ለመንገር በስልካችሁ የላክነው አጭር መልእክት ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ገብቶኛል። አጻጻፉ ቆጣ ያለ ከመሰላችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን አይለወጥም። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ከእንግዲህ አሮጌ የእንጨት ቀስት፣ ማለትም ከደጋን የሚለቀቀውን ፍላጻ፣ የምናድሰው ግድግዳ ላይ ለሚሰቅለው ሰው ብቻ ነው። ለመተኮሻ አናድስም። የአሉሚኒየሞቹ ሥራ እንደ ድሮው ይቀጥላል።

«ላባ ለመለጠፍ ይሄ ሁሉ ሰበብ?» ያላችሁኝ አላችሁ። አንድ ወንድሜማ «ፈረንጅ ሆንክብን» አለኝ። እሱን ዋጥ አድርጌ ልቀጥል።

የቀስቱ ጭራ ላይ ያለው ላባ ቀላሉ ነው። የተጣመመ የተርኪ ላባ የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ትንሽ ሲያዝ ቀና ይላል። ብል የበላው ይቀየራል። ችግሩ ዘንጉ ነው። ከያርድ ሴል (ሰው ደጁ ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት) ከምታመጧቸው የዒላማ ቀስቶች ጥሩ ጥሩዎቹ የተሠሩት ከፖርት ኦርፎርድ ሲዳር ነው። ዛፉ የሚበቅለው በደቡብ ኦሪገን ባሕር ዳርቻና በሰሜን ካሊፎርኒያ ነው። ቀላልና ቀጥ ያለ እንጨት ነው፣ ሲላጭ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። የሥር በሽታ ብዙውን ስለፈጀው ዛሬ ጥሩው እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ቀስቶቹ ውድ መሆናቸውን ከእናንተ እኩል አውቃለሁ።

ግን እያንዳንዱን መብራት ሥር አዙሬ ጎንበስ ሳደርገው አንዱ ቀጭ ይላል። ሌላው ድምፅም የለው። ከቫርኒሹ ሥር ዘንጉን አግድም ያቋረጠች ፀጉር የምታክል መስመር ብቻ ትታያለች። እንዲህ ያለው ቀስት ሲለቀቅ ተሰብሮ ደጋን የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል። ደጋኑ ከኋላ ሲገፋው ቀስት መሀሉ ይጎብጣል፣ ከዚያ እየተርገበገበ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የዘንጉ ጥንካሬ ከደጋኑ ጉልበት ጋር መስማማት አለበት። መዘውር ያለውና ቀስቱን አጥብቆ የሚገፋው የኮምፓውንድ ደጋን ፓተንት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እነዚህ ቀስቶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ለነበረው ደጋን የተሠሩ ናቸው። የብዙዎቻችሁ ጋራዥ ውስጥ ያለው ደግሞ ኮምፓውንድ ነው። እናንተ ብትጠነቀቁም ልጃችሁ አንድ ቀን ያነሳዋል።

«ለካው እንጂ» ትሉኛላችሁ። እለካለሁ። ዘንጉን በ26 ኢንች ርቀት ሁለት ድጋፎች ላይ አስቀምጬ፣ መሀሉ ላይ 2 ፓውንድ አንጠልጥዬ ምን ያህል እንደጎበጠ አነባለሁ። ይህ ጥንካሬውን ይነግረኛል። ነገ ይሰበር አይሰበር ግን አይነግረኝም።

አሉሚኒየም ሌላ ነው። የአሜሪካው ቀስት ሠሪ ኢስተን የአሉሚኒየም ቀስት መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፣ ዘንጎቹም ብዙ ጊዜ ቁጥራቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። 1816 የሚለው ውፍረቱ የኢንች 18/64፣ የግድግዳው ውፍረት ደግሞ 0.016 ኢንች ነው ማለት ነው። ትንሽ የጎበጠው ሰዓት በሚመስል ባለ ጠቋሚ መለኪያ እየታየ ይቃናል። የተሰነጠቀው ይጣላል። እዚያ ላይ ቃሌን ልሰጣችሁ እችላለሁ።

አሮጌውን ቀለም ልጡልን ላላችሁም መልሴ ያው ነው። ዘንጉ ላይ ያሉት የቀለም ቀለበቶች ባለቤቱ ከዒላማው ሲነቅል «የኔ ነው» የሚልባቸው ምልክቶች ነበሩ። አሴቶን ከነካቸው ሄዱ። ባትወዱልኝም አልነካቸውም።

ሳይሠራ ለሚመለስ ቀስት የምርመራ ክፍያ መጠየቃችን ይበልጥ እንዳናደዳችሁ አውቃለሁ። ምርመራው ግን ከላባው በላይ ጊዜ ይበላል። ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ላባው፣ ፖስታው፣ ያልጨመረ ነገር የለም። ለረጅም ጊዜ ከኪሳችን ስንሸፍነው ኖረናል። አሁን እጅ አጠረን።

ሜሪላንድ ስመጣ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ይህን ሙያ ያስተማሩኝ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በእጅ ምልክት። የተጠራጠሩትን ቀስት ባለቤቱ ፊት ቀጭ አድርገው ይሰብሩት ነበር፣ ቢለምናቸውም አይሰሙም። እኔ የሰው ንብረት መስበር አልችልም። እንዳይተኮስ ምልክት ቀይ ክር አስሬ እመልሳለሁ። አንዳንዶቻችሁ ያንን ክር ስድብ አድርጋችሁ መቁጠራችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴን ባር ባር አሰኝቶታል።

ምክንያቱም እናንተ ማን እንደሆናችሁ አልረሳሁም። በኮቪድ ጊዜ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ላልተሠራ ሥራ ቀድማችሁ የከፈላችሁልን አላችሁ። ልጆቻችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ደጋን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የነዚያን ልጆች እጅ እያሰብኩ «እሺ» ማለት አቃተኝ። ሌላ ቦታ የሚሠራላችሁ ሰው ይኖር ይሆናል፣ መብታችሁ ነው። ብትቆዩልን ግን ደስ ይለናል።

ከመልእክቱ በፊት ላስገባችሁት ቀስት የምርመራ ክፍያ አንቀበልም። የከፈላችሁ ካላችሁ መጥታችሁ ውሰዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጋናችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ጉልበቱን በነፃ ለክተን የሚስማማውን አዲስ የእንጨት ቀስት እናሳያችኋለን። ቀይ ክር የታሰረበትን የልጅ እጅ ከማይደርስበት ስቀሉት፣ ክሩንም አትፍቱት።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት