ግፊቱ የወረደው ክኒኑን ስለምትውጡ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው የዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ደም ግፊት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። «ምንም ባይሰማችሁም ተለኩ» ማለታችሁ በጣም ትክክል ነው። በዓለም ላይ ግፊት ያለባቸው ጎልማሶች ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው፤ ከእነሱ ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። እኔ ግን የቤተሰብ ሐኪም ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማገኛቸው አብዛኞቹ ተለክተው፣ ተነግሯቸው፣ ክኒን ተጽፎላቸው የሄዱ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ጣጣ የሚጀምረው ጽሑፋችሁ ያበቃበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጨምርበት ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ግፊት አለብህ ይባላል። ይደነግጣል። ለጥቂት ወራት ክኒኑን ሳያዛንፍ ይውጣል። ተመልሶ ሲለካ 128 በ78 ይሆናል። ደስ ይለዋል፣ እኔንም ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ይጠፋል። ከስንት ጊዜ በኋላ ለወገብ ሕመም ወይም ለጉንፋን ብሎ ሲመጣ እለካዋለሁ፤ 170 በ100። «ክኒኑስ?» ስለው፣ «እሱማ ተሻለኝና ተውኩት ዶክተር» ይለኛል።

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ግዴለሾች አይደሉም። የልጆቻቸውን ክትባት ቀን የማያሳልፉ፣ ለሌላው ቤተሰብ ሁሉ የሚያስቡ ጠንቃቆች ናቸው። ለምን እንደሚያቆሙም ይገባኛል። መድኃኒትን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው በሕመም ነው። ያመናል፣ እንውጣለን፣ ይሻለናል፣ እናቆማለን። ግፊት ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ግፊት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ክኒኑን ሲጀምርም ያው ነው፤ ሲያቆምም ያው ነው። የሚነግረው አካል የለውም።

ክኒኑ የሚሠራው በደም ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የደም ሥሮችን ያላላል፣ ወይም ትርፍ ውሃና ጨው በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። የግፊቱን ምክንያት ግን ነቅሎ አይጥለውም። ስለዚህ 128 በ78 የሚለው ቁጥር «ድነሃል» ማለት አይደለም፤ «ክኒኑ እየሠራ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። በብዛት ከሚታዘዙት ክኒኖች አንዱ አምሎዲፒን ነው። ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ በኋላ ሥራው ለቀናት ይቆያል። ሰውየው ባቆመ በማግስቱ ይለካል፤ ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን ይለካል፤ አሁንም ብዙ አልተለወጠም። «ይኸው፣ ሳልውጥም ደህና ነኝ» ብሎ መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ግፊቱ ተመልሶ ሲወጣ የሚያየው የለም። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ድንገት ሲቋረጡ አደጋ አላቸው። ክሎኒዲን በአንዴ ሲቆም ግፊቱን ከቀድሞው በላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎልም በተለይ የልብ ሕመም ላለበት ሰው በአንድ ጊዜ አይተዉም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ።

«ግፊቴ ሲጨምር ራሴን ስለሚያመኝ አውቀዋለሁ» የሚሉም ብዙ ናቸው። ራሳቸውን ባመማቸው ቀን ብቻ ይውጣሉ። ራስ ምታት ግን የግፊት መለኪያ አይደለም። 180 ደርሶ ምንም ሳይሰማው በሁለት እግሩ ሄዶ የሚመጣ ሰው አያለሁ፤ 120 ሆኖ ራሱን የሚያመውም አለ። ስሜታችሁን እየጠበቃችሁ በቆያችሁበት ጊዜ ሁሉ የልብ ጡንቻ እየወፈረ፣ የኩላሊትና የዓይን ቀጫጭን የደም ሥሮች እየተጎዱ ነው።

ክኒን ባልነበረበት ዘመን የሆነውን ላስታውስ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። እየጨመረ ሄደ። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። የዚያን ዕለት የተለካው 300 በ190 ነበር። ሐኪም አልጎደለባቸውም፤ ሁልጊዜ አጠገባቸው ነበር። የጎደለው ክኒኑ ነው። ሽንት የሚያበዛውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰሉ ዛሬ ተራ የሚመስሉን ክኒኖች የመጡት ከእሳቸው ሞት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ግፊትን በክኒን ማውረድ ስትሮክንና የልብ ድካምን እንደሚቀንስ በጥናት በግልጽ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ያ ሰው ቢያገኘው ኖሮ የሚውጠውን ክኒን ነው ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ረስተን የምናስቀምጠው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ከሚያቆሙት መካከል ግን «ተሻለኝ» የሚሉት ሁሉ ስለተሻላቸው አይደለም። ክኒኑ ስላልተስማማቸው ነው፤ ለሐኪም መናገር ግን ይከብዳቸዋል። አንዲት እናት ለወራት ደረቅ ሳል አስቸግሯቸው ነበር። ከፋርማሲ ሽሮፕ ይገዛሉ፣ ይጨርሳሉ፣ ሌላ ይገዛሉ። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው። ማታ ማታ ስለሚብስባቸው እንቅልፍ አጥተዋል። ወደ እኔ የመጡት ልጃቸው ጎትታ አምጥታቸው ነው። «ምን ምን ይወስዳሉ እማማ?» አልኳቸው። ከቦርሳቸው አንድ በፌስታል የተጠቀለለ የክኒን ካርድ አወጡ፤ ኢናላፕሪል። ይህ መድኃኒት ከሚወስዱት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያመጣል። ወዲያው ላይሆን ይችላል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ሰው ከክኒኑ ጋር አያያይዘውም። ወደ ሎሳርታን ለወጥንላቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ለቀቃቸው። «እኔማ ተውኩት ልል ነበር» አሉኝ።

አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ሽንት የሚያበዛው ክኒን ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲያመላልስ ያድራል፤ ጠዋት ሲወሰድ ይቀላል። አንዳንዱ ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ ያዞረዋል። ወንዶች ደግሞ በትዳር መኝታ ላይ የሚያስቸግራቸውን ነገር የሚነግሩኝ ምርመራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ተነስተው፣ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ሆኖ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እባካችሁ ተቀምጣችሁ ንገሩን። ከዚህ የባሰ ብዙ ሰምተናል፤ አንደነግጥም። መጠኑ ይቀነሳል፣ ሰዓቱ ይቀየራል፣ ሌላ ክኒን ይሞከራል። ብዙ ዓይነት አለ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ሳትዘገይ ትንገረን፤ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ለፅንሱ አደገኛ ስለሆኑ በሌላ ይተካሉ።

ስትመጡ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። የግፊቱን ብቻ ሳይሆን የጉልበቱን፣ የጨጓራውን፣ ጎረቤት «እኔን አሽሎኛል» ብላ የሰጠቻችሁንም ጭምር። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ግፊት ያስጨምራሉ፤ ከእነኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛው ክኒን ጋር ሲደራረቡ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ክኒኑን በትክክል እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው ስመረምር፣ ብዙ ጊዜ ከፌስታሉ ሥር የማገኘው የጉልበት ማስታገሻ ነው። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖችም እንዲሁ ግፊት ሊያስጨምሩ ይችላሉ። ፋርማሲ ስትገቡ «ግፊት አለብኝ» ማለት አትርሱ።

አሁን ወደ ፎቶአችሁ ልምጣ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ሰው እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። መለኪያው የተጠቀለለው በሹራቡ ላይ ነው። ክንዱ ተንጠልጥሏል፣ ከለካችው ነርስ ጋርም እያወራ ነው። እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ተለክቶ መድኃኒት የሚጨመርበት ሰው አለ። ቤት ውስጥም ብዙ ሰው የሚለካው እንደዚሁ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅር። ሽንት ካላችሁ ሽኑና ኑ። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እግራችሁ መሬት ይርገጥ፣ አታጣምሩት። ክንዳችሁን እጅጌ ሰብስባችሁ ሳይሆን አውልቃችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል አሳርፉት። 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቆዩ። ከዚያ ለኩ፤ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ መጠቅለያ ከተደረገ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ስለሚሆን፣ መሣሪያ ስትገዙ ክንዳችሁን አስለክታችሁ ግዙ። የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ የላይኛው ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ይታመናል።

በየሰዓቱ እየለካችሁ ግን አትጨነቁ። ጭንቀቱ ራሱ ያወጣዋል። ቀጠሮ ሲደርስ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩና ጻፉት። ያ ወረቀት ለእኔ ክፍሌ ውስጥ አንዴ ከምለካው ይበልጥብኛል። ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ ግፊቱ የሚወጣ ሰው አለ፤ እኔ ዘንድ ደህና ሆኖ ቤቱ የሚጨምርበትም አለ። ቤት ውስጥ የሚለካው በአማካይ ከ135 በ85 በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚፈለገውን ቁጥር ሐኪሙ ይነግረዋል።

ስለ ጨው ሁሉም ሰው ሰምቷል። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፤ በፋብሪካ ምግብ ውስጥ ያለው ጨምሮ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ክብደት መቀነስ፣ መጠጥ መቀነስ በእርግጥ ግፊትን ያወርዳሉ። በዚህ ተግተው ክኒን የተቀነሰላቸው፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ የቆመላቸው ታካሚዎች አሉኝ። የቆመው ግን ተለክቶ፣ ተነጋግረን፣ እየተከታተልን ነው።

አንድ ቀን ብትረሱ ባስታወሳችሁ ሰዓት ዋጡት። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ያለፈውን ተዉት፤ ለማካካስ ብላችሁ ሁለት አትዋጡ። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስሞሉ። መንገድ ስትሄዱ ደግሞ ጓዝ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት።

ቁጥሩ 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቂት አርፋችሁ ድገሙት። ካልወረደ ምንም ባይሰማችሁም በዚያው ቀን ሐኪም አናግሩ። ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ ወይም ግራ መጋባት ካለበት፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ግን ድጋሚ መለካት አያስፈልግም። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ለስትሮክ የሚሰጠው፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

የሥራ ባልደረቦቼንም አንድ ነገር ልለምን። ክኒኑን ስትጽፉ «ደህና ብትሆንም ትቀጥላለህ» የሚለውን በአፋችሁ ንገሩት። ቀጠሮውንም ሳትሰጡት አትሸኙት።

ይህን የሚያነብ፣ ክኒኑን ካቆመ የከረመ ሰው ካለ ደግሞ የድሮውን ከመሳቢያ አውጥቶ ዛሬውኑ በራሱ አይጀምር። ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል፣ መጠኑም አሁን ላይስማማው ይችላል። ይለካና ይምጣ። ማንም አይቆጣውም። ለምን እንዳቆመ ግን እውነቱን ይንገረን፤ የሚቀጥለውን ክኒን የምንመርጠው ያንን ሰምተን ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቤተሰብ ሐኪም