ስለ ሐረጎ ቁልቁለትና ስለ ክርኔ ጠባሳ

ደሴ፣ ህዳር

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደሴ ብርዱን ጀምራዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ጦሳን ጉም ተከናንቦ ነው የምናገኘው። እናትሽ "ጋቢ እንላክላት" ብላ ይዛኝ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ጋቢ ለብሳ ልትቀልጥ ነው ወይ ብዬ አስተውኳት።

የሳይክልሽን ፎቶ አየሁት። ስንቴ እንዳየሁት አትጠይቂኝ። በሁለት ጣቴ እየለጠጥኩ ካቴናውን አየሁ፣ ቸርኬውን አየሁ፣ የፍሬኑ ላስቲክ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከፎቶው ሥር "መብራት፣ የስልክ መያዣና ሰፋ ያለ ጎማ ላስገባለት ነው፤ ከዚያ ለገና ደሴ ድረስ በሱ እመጣለሁ" ብለሻል። ልከለክልሽ እንደምችል ጠርጥረሽ መሰለኝ ቀጥለሽ "ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ከጋለበ እኔ ሐረጎ ያቅተኛል?" ትያለሽ።

አያቅትሽም። ጽጋቡ በ2008 ያንን ውድድር ሲጋልብ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። የኛ ሰው ሳይክል የጀመረው ግን ያኔ አይደለም፤ እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ድረስ ሄደው ተወዳድረዋል። አንቺም የሐረጎን ዳገት ትወጪዋለሽ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስተሽ 2,500 አካባቢ ትደርሻለሽ። ሲደክምሽ ወርደሽ ትገፊዋለሽ፣ ማን ይፈርድብሻል? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መመለሻው ነው። ለመውጣት እግር አለሽ። ለመውረድ ያለሽ ግን ያ ላስቲክ ነው፣ እሱም አልቋል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ክርኔ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቂዋለሽ። ሕፃን ሆነሽ በጣትሽ እየዳበስሽ "አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?" ስትዪኝ "በለስ ስለቅም ወድቄ" እልሽ ነበር። ውሸቴን ነው። በለስ የሚባል ነገር የለም። ሐረጎ ላይ ከሳይክል ወድቄ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ባለ 28 ኢንች የቻይና ሳይክል ነበረችኝ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ። እሁድ እሁድ ሸዋ በር አንድ ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) በር ላይ አራት አምስት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። ሥራችን ማሳመር ነው። አንዱ የቸርኬው ሽቦ ላይ ባለቀለም ፕላስቲክ ይጠመጥማል፣ አንዱ ግራና ቀኝ ስፖኪዮ ይገጥማል። (ካቴና፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ጎሚስታ፣ ስፖኪዮ! ጣሊያን ተባረረ፣ ቃሉ ግን ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብሎ ቀረ።)

ሰውየው የተጣመመ ቸርኬ ሲያቀና ማየት እወድ ነበር። ሳይክሉን ይገለብጠዋል፣ ቸርኬውን ያሽከረክረዋል፣ ጠመኔ ወደ ብረቱ ያስጠጋል። የተጣመመው ቦታ ብቻ ጠመኔውን ነክቶ ነጭ ይሆናል። እዚያ ጋ ያለውን ሽቦ ላላ፣ የሌላኛውን ጎን ጠበቅ፤ ሩብ ዙር፣ ከዚያ አያልፍም። እንደገና ያሽከረክራል። ነጩ መስመር እየረዘመ ይሄድና ዙሪያውን ሲገጥም ቸርኬው ቀና ማለት ነው። ይህን ለማየት ስንት እሁድ ከቅዳሴ እንደቀረሁ እናቴ ብታውቅ ኖሮ!

እኔ ያጠራቀምኳትን ሳንቲም ዲናሞ ላይ ጨረስኳት። ዲናሞ ጎማው ጎን ተደግፎ አብሮ የሚሽከረከር፣ ትንሽ ጠርሙስ የሚመስል ነገር ነው። ስትጋልቢ መብራቱ ይበራል፣ ስትቆሚ ይጠፋል። ጎሚስታው "አንተ ልጅ፣ የፍሬንህ ላስቲክ ብረቱ ጋ ደርሷል፣ መጀመሪያ እሱን ቀይር" ብሎኝ ነበር። ላስቲክን ማን ያይልኛል? ዲናሞን ግን ፒያሳ ሙሉ ያየዋል።

በዚያው ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ስንነሳ ጉም ነበር፣ ሐረጎ ስንደርስ ካፊያ ሆነ። የዚያን ጊዜ ቸርኬ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፤ ውሃ ከነካው ላስቲኩ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ፍሬኑን ጨበጥኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያሰማው ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ መጣ። ከታች አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። እኔ ኩርባው ላይ መያዝ አቅቶኝ ወደሱ መስመር ገብቻለሁ። ሾፌሩ ክላክሱን አምባረቀብኝ። መሪውን ወደ ቀኝ ሰበርኩት። ከዚያ የማስታውሰው ጠጠር ነው፣ ክርኔ ውስጥ የገባ ጠጠር።

ዲናሞው ምንም አልሆነም።

እና የኔ እመቤት፣ በቅድሚያ ላስቲኩን ቀይሪ። ላዩ ላይ የነበሩት ቦዮች ጠፍተዋል፣ ፎቶው ላይ እንኳ ይታያል። ስትገጥሚው ብረቱን ብቻ እንዲነካ አድርጊ፤ ጎማውን ከነካ እየበላ እየበላ ያፈነዳዋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን ይዘሽ አትውረጂ። ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱ ሲበዛ ጎማው ውስጥ ያለው ካላማዳሪ ሊፈነዳ ይችላል። ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ። የፊቱን ፍሬን አትፍሪው፤ የበለጠ የሚያቆምሽ እሱ ነው። ብቻ ሰውነትሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፣ በድንገትም አትጨብጪው።

ካቴናውን በማስመሪያ ለኪው። ከአንዱ ፒን መሐል ተነስተሽ ቀጣዩን አንድ ብለሽ እስከ 24 ቁጠሪ። አዲስ ካቴና ከሆነ 30.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 30.7 ከደረሰ ጣዪው፤ የኋላውን ጥርስ ጭምር ነው የሚጨርስብሽ።

አልፈታ ያለሽ ፔዳል የግራው ነው አይደል? የግራው ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። የፈታሽው እየመሰለሽ ስታጠብቂው ነው የዋልሽው። አብሽሪ፣ እኔም ይህን ያወቅኩት ቁልፍ ሰብሬ ነው።

ጥርሳሙን ሰፊ ጎማ ተዪው፣ አስፋልት ላይ ጉልበትሽን ነው የሚበላው። መብራቱን ግን ግዢ፤ ከማታ ፈረቃ ስትወጪ ያስፈልግሻል። እኔ መብራት ላይ ቂም የለኝም። ደግሞ የመኪና ኋላ ይዞ ዳገት መውጣት የሚባል ነገር አለ፤ እኛ እናደርገው ነበር። አንቺ ታደርጊውና እኔና አንቺ እንጣላለን!

እሁድ እሁድ ከጓደኞችሽ ጋር ሳይክል ገልብጣችሁ ስትጠግኑ እንደምትውሉ ነግረሽኛል። ቀናሁባችሁ። ጎረቤታችን "ልጅህ ሳይክል ትነዳለች አሉ" ብሎ እንደ ወሬ ቢያመጣልኝ "አዎ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ" አልኩት። ሌላ የሚለው አላገኘም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት የፍሬን ላስቲክና ሁለት የፍሬን ሽቦ በሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ገጥመሽ ስትጨርሺ ከቅርብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ለገና ስትመጪ ሐረጎ ጫፍ ላይ ውሃ ይዤ እጠብቅሻለሁ። መመለሻሽ ደግሞ መሬቱ ደረቅ ሲሆን፣ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ይሁን። ካፊያ ካለ ሳይክሉ ሚኒባስ ላይ ይጫናል፣ በዚህ ክርክር የለም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ደብዳቤውን አላሳየኋትም። የጠባሳውን ነገር እሷም እስከ ዛሬ የምታውቀው በለስ ብላ ነው፤ ስትመጪ እንዳታመልጥሽ።

አባትሽ