ለአባባ፦ ስለ ማርስ ጉዞና ስለ ከፋዩ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱና ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከዚህ ከማያባራው የክረምት ዝናብ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንጫወት ናትናኤል «ሀብታሞች በራሳቸው ገንዘብ በአምስት ዓመት ውስጥ ሰው ማርስ ላይ ያወርዳሉ» እያለ እንደሚሞግትዎት፣ እርስዎም «መንግሥታት ያልደፈሩትን ነጋዴ አይደፍረውም፤ ወሬ ነው» ብለው እንደዘጉት ነግረውኝ፣ «አንቺ የባንክ ሰው ነሽና እስቲ ፍረጂን» ብለውኝ ነበር። ነገሩ ቁጥር ስለሚበዛበት በጽሑፍ መመለሱን መረጥሁ። የጉዳዩ ባለቤቶች የሚቆጥሩት በፈረንጆች ስለሆነ፣ ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመቶቹን በእነርሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገርዎ። መንኮራኩሩን ነጋዴ ሊሠራው ይችላል፤ እንዲያውም ከመንግሥት ይልቅ ነጋዴ ሳይቀድም አይቀርም። «በግል ገንዘብ» የሚለውን ግን አልቀበለውም።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ብድር ጠያቂዎች የሚያቀርቡትን የአዋጭነት ጥናት መመርመር ነው። ሰሞኑን ሰንጋ ተራ ባለው ጠረጴዛዬ ላይ የቀረበ አንድ የዘይት መጭመቂያ ፕሮጀክት ስለ ማሽኑ ብዙ ገጽ ከነሥዕሉ ከጻፈ በኋላ፣ ስለ ገበያው «ገበያው ሰፊ ነው» ብሎ በአንድ አንቀጽ አልፎታል። የማርስን ጉዞ በሚመለከት የሚጻፈውም አብዛኛው እንዲሁ ነው። ማሽኑ ይሠራል ወይ የሚለውን መሐንዲስ ይመልሰው፤ እኔ የምጠይቀው ምርቱን ማን ይገዛዋል፣ ባለቤቱ ከኪሱ ስንት ያዋጣል፣ ሥራው ቢከሽፍስ በመያዣነት ምን አለ የሚለውን ነው።

ይሁንና የማሽኑን ነገር ጨርሶ ብተወው እርስዎ አይለቁኝም። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ወሬውን በሬዲዮ የተከታተሉት ጉዞ የሦስት ቀን መንገድ ነበረ። ማርስ እጅግ በቀረበችበት ጊዜ እንኳ ከ50 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ አመቺው የመነሻ ጊዜ በ26 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ መንገዱ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ ደርሶ ለመመለስም ፕላኔቶቹ እስኪገጣጠሙ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ እዚያው መጠበቅ ግድ ነው። ከመሬት ውጭ ያለማቋረጥ ረጅሙን ጊዜ የቆየው ሩሲያዊው ቫለሪ ፖልያኮቭ ሲሆን፣ እርሱም 437 ቀን የተቀመጠው በጥቂት ሰዓታት ወደ ምድር ሊመለስ በሚችልበት የሚር የጠፈር ጣቢያ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ማረፉ ነው። የማርስ ከባቢ አየር ግፊቱ የእኛን አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ የሚወርደውን መንኮራኩር በሰበቃ ለማጋል ይበቃል፤ ፍጥነቱን ገትቶ በሰላም ለማሳረፍ ግን አይበቃም። እስከ ዛሬ በሰላም ካረፉት ሁሉ ከባዱ እ.ኤ.አ. በ2021 የወረደው ፐርሲቪራንስ ሲሆን ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ሰው ከነስንቁ ለማውረድ ግን በአሥሮች የሚቆጠር ቶን ያስፈልጋል። ይኸው መንኮራኩር ከማርስ አየር ኦክስጅን የሚያወጣ ሳጥን ይዞ ሄዶ፣ ከ2021 እስከ 2023 በነበሩት ሙከራዎች በጠቅላላው 122 ግራም አምርቷል። ዘዴው እንደሚሠራ ተረጋግጧልና ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በቀን ከ800 ግራም በላይ ስለሚተነፍስ፣ የሁለቱ ዓመት ምርት ለአንድ ሰው አራት ሰዓት አያደርስም። በዚህ ላይ ለመመለሻ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ነዳጅና ኦክስጅን እዚያው ማምረት እንደሚያስፈልግ ሲያስቡት፣ ዕቅዱ ከሙከራው ምን ያህል እንደሚርቅ ይታይዎታል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ከአሁን በፊት በግል ገንዘብ እንሄዳለን ካሉት ሁለቱን ብቻ አነሣለሁ። የመጀመሪያው ማርስ ዋን የተባለ የሆላንዶች ድርጅት ሲሆን፣ አራት ሰዎችን ያለ መመለሻ በ6 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወርድ፣ ወጪውንም የኦሎምፒክን የቴሌቪዥን ገቢ እየጠቀሰ ከስርጭት መብት ሽያጭ እንደሚሸፍን ገለጸ። ከጓጉት ሰዎችም የማመልከቻ ክፍያ ሰበሰበ። በ2014 ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕቅዱን መርምረው፣ ለምግብ የሚዘሩት ሰብሎች በዝግ ቤት ውስጥ ኦክስጅኑን ከመጠን በላይ እንደሚያበዙት፣ ይህንም ሲያስተነፍሱ የናይትሮጅን ክምችቱ እንደሚያልቅ፣ በዚህም የመጀመሪያው ሰው በ68 ቀን ገደማ ሊሞት እንደሚችል አሳዩ። ድርጅቱን የጣለው ግን ይህ ስሌት ሳይሆን የገንዘብ እጦት ነው፤ በጥር 2019 የባዝል ከተማ ፍርድ ቤት የንግድ ክንፉን መክሰር አወጀ።

ሁለተኛው በ2001 ከኪሱ ከፍሎ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ የጎበኘው አሜሪካዊው ባለጸጋ ዴኒስ ቲቶ ነው። በየካቲት 2013 አንድ ባልና ሚስት ማርስን ሳይረግጡ ዞረዋት በ501 ቀን እንዲመለሱ አደርጋለሁ፣ መነሻውም ጥር 2018 ነው ብሎ አወጀ። ሰውየው የገንዘብ ሥራን ያውቃል፤ ዕቅዱም ማረፍን ስለተወ ከሁሉ ቀላሉ ነበረ። ያም ሆኖ ዓመቱ ሳይሞላ፣ በዚያው ኅዳር፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የመንግሥትን ድጋፍ ጠየቀ፤ ሳያገኝም ቀረ። ለእኔ ከማርስ ዋን ውድቀት ይልቅ የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ ባለሀብትም፣ ቅን ሐሳብም፣ ቀላል ዕቅድም ተገኝቶ የገንዘቡ መንገድ ያደረሰው ከመንግሥት ደጅ ነውና።

ናትናኤል «ስፔስኤክስስ?» ይልዎታል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢሎን መስክ በ2002 ያቋቋመው ይህ ኩባንያ ሦስት ሮኬት በተከታታይ ከከሸፈበት በኋላ በመስከረም 2008 አራተኛው ተሳካለት፤ ከኪሳራ ያተረፈው ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር ድርጅት ከሆነው ከናሳ ያገኘው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የጭነት ውል ነው። ለማርስ የታሰበው የኩባንያው ግዙፍ ሮኬት ስታርሺፕም ቢሆን ጠፈርተኞችን ጨረቃ ላይ እንዲያወርድ በ2021 ከናሳ 2.89 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለታል። ኩባንያው ዛሬ በሳተላይት ኢንተርኔት ከሕዝብ የሚሰበስበው የራሱ ገቢ አለው፤ ይህን አልክድም፤ በእኔ ሚዛንም ትልቁ ጥንካሬው ይህ ነው። ነገር ግን ያ ገቢ ማርስን የሚደጉም እንጂ ከማርስ የሚመጣ አይደለም። ድጎማው የሚዘልቀው የመወሰን ሥልጣኑን በያዘው በአንድ ሰው ፈቃድና ዕድሜ ልክ ነው፤ ባንክ ደግሞ በሰው ዕድሜ ላይ አያበድርም።

መያዣውስ? እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የጠፈር ስምምነት ማንኛውም መንግሥት ሰማያዊ አካላትን የእኔ ግዛት ናቸው እንዳይል ይከለክላል፤ እንግዲህ የማርስን መሬት ካርታ የሚሰጥ ወረዳ የለም ማለት ነው። አሜሪካ በ2015 ባወጣችው ሕግ ዜጎቿ ከህዋ የሚያወጡትን ማዕድን የራሳቸው እንዲያደርጉ ብትፈቅድም፣ ከማርስ ተጭኖ መጥቶ ማጓጓዣውን የሚመልስ ማዕድን እስካሁን አላየሁም። ይኸው ስምምነት የግል ድርጅቶች በህዋ ለሚሠሩት ሥራ ኃላፊው መንግሥታቸው እንደሆነና እርሱም ፈቃድ እየሰጠ በተከታታይ እንዲቆጣጠራቸው ያዛል። ስለዚህ «መንግሥት» የሚለው የእርስዎ ቃል በገንዘቡ ባይገባ እንኳ በሕጉ መግባቱ አይቀርም።

የእኛው የእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻም ያው ነው። ሁለቱን ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያቆመው በዋናነት የሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስጦታ መሆኑን እርስዎም ሰምተዋል። የግል ገንዘብ ጉልላቱን ሠራ፤ የባለሙያዎቹን ደሞዝና የዓመት በጀት የተሸከመው ግን በኋላ የመንግሥት ተቋም ሆነ። በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም አብዛኛው ወጪዋ በቻይና የተሸፈነ ነው። ይህን ለነቀፋ አላነሣሁትም፤ ምርቱን የሚገዛ በሌለበት ሥራ ጀማሪው ማንም ቢሆን አስቀጣዩ በጀት ያለው አካል መሆኑን ለማሳየት ነው።

እንግዲህ የእኔ ግምት፣ ሰው ማርስ ላይ ይወርዳል፤ መንኮራኩሩ የግል ኩባንያ ይሆናል፤ ከፋዩ ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ወይም የሌላ አገር ግብር ከፋይ ነው። ጊዜው የናትናኤል አምስት ዓመት አይሆንም፤ ሁለት የመነሻ ወቅት ብቻ ነውና። እርስዎ «ወሬ ነው» ያሉት ግን፣ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከረረብኝ። ከ120 ሜትር በላይ የሚቆመው ስታርሺፕ በጥቅምት 2024 የታችኛው ክፍሉ ተመልሶ በማማ ክንዶች ሲያዝ ዓለም አይቷል። በጥርና በመጋቢት 2025 የላይኛው ክፍል ካሪቢያን ሰማይ ላይ ተበታትኗል፤ በሰኔም አንዱ ሳይነሣ መሞከሪያው ላይ ተቃጥሏል። ይህም እውነት ነው። ስፔስኤክስ ለ2018 ሰው አልባ መንኮራኩር ወደ ማርስ እልካለሁ ብሎ በ2017 እንደተወውም ለናትናኤል ያስታውሱት።

ክርክራችሁ እንዳይቋረጥ የሚጠበቁትን ምልክቶች ልንገርዎ። አንደኛው፣ ሁለት መንኮራኩሮች ምድርን እየዞሩ በብዛት ነዳጅ መቀባበል መቻላቸው ነው፤ ይህ እስከዚህ ደብዳቤ ቀን፣ እስከ ሐምሌ 2025፣ አልተደረገም፤ ያለ እርሱም ስታርሺፕ ጭነት ይዞ ማርስ አይደርስም። ሌላው ሰው አልባው ጉዞ ነው፤ መስክ በግንቦት 2025 ለ2026 መጨረሻ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብሎ ነበር፤ በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያ ካለፈ ቀጣዩ ወቅት የሚመጣው በ2021 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ስለ ጉዞው የተፈረመ የመንግሥት ውል ከሰማችሁ ቀኑን ጻፉልኝ፤ እኔ ከሮኬቱ ይልቅ የምጠብቀው እርሱን ነው።

ናትናኤል ደብዳቤውን ያንብብልዎትና ያልተስማማበትን ያስምርበት፤ የእርስዎንም መልስ ጨምሮ ይላክልኝ። እማዬን፣ እትዬ አስቴርንና ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ትዕግሥት