ሣሩ ለምን ተኛ? ደብዳቤ ለልጄ

የኔ ልጅ፣

የላክልኝን የሞዴል ባቡር ገበታህን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ጠጠሩም ንጹሕ ነው፤ የሐዲዱ ጎን ላይ የተጣበቀ አንድም ፍሬ አላየሁም። ይሄን ትዕግሥት ከየት እንዳመጣኸው እንጃ፣ ከእኔ እንዳልወረስከው ግን እርግጠኛ ነኝ።

ከናይለን ክር የዘራኸው ሣር ላይ ስደርስ ነው ቆም ያልኩት። «እማ፣ ለምን ተኛብኝ? ለምንስ ምንጣፍ መሰለ?» ብለሃል። ሁለቱ አንድ ጥያቄ አይደሉም። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፣ ቶሎ ይፈታል። ሁለተኛው የዓይን ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ሳላስቸግርህ አልቀርም።

ከተኛው ልጀምር። የያዝከው ሣር መዝሪያ ውስጡ ያን ያህል የተወሳሰበ ነገር የለውም። 9 ቮልት ባትሪ አለ። የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት የሚያሳድግ ትንሽ ሰርኪት አለ። የሰርኪቱ አንዱ ጫፍ ከብረት ወንፊቱ ጋር ተያይዟል። ሌላው ጫፍ በሽቦ ወጥቶ መቆንጠጫው ላይ ያልቃል። መቆንጠጫውን እርጥብ ኮላ ውስጥ ከተከልከው ምስማር ጋር ስታገናኘው በወንፊቱና በኮላው መካከል የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ወንፊቱን የነካች የናይለን ክር ቻርጅ ትይዛለች። ወንፊቱ ይገፋታል፣ ኮላው ይስባታል። ቀጥ ብላ ወርዳ በጫፏ ትተከላለች። ጎረቤቷም ያንኑ ዓይነት ቻርጅ ስለያዘች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተደጋግፈው የማይወድቁት ለዚህ ነው። ሹራብ ስታወልቅ ፀጉርህን የሚያቆመው ይኸው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ፋብሪካዎችም ጨርቅ ላይ አጫጭር ክር ተክለው ከፋይ የሚያስመስሉት በዚሁ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ክሩ ከተኛ መስኩ ደክሟል ወይም ተቋርጧል ማለት ነው። ያንተ የት ጋ እንደተቋረጠ ፎቶው ላይ ይታያል። ምስማሩ ከገበታው ግራ ጥግ ነው ያለው። አንተ የምትዘራው ደግሞ ከዋሻው አፍ፣ ከሌላኛው ጫፍ ነው። ከሥር ያለው ፎም ነው፤ ፎም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ያለህ ማስተላለፊያ እርጥቡ ኮላ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ መሐል ላይ በመንገዱ ተቆርጧል። ስለዚህ ምስማሩ ከምትዘራበት ቦታ አይራቅ። መዳፍ የምታህል ቦታ ስትጨርስ ነቅለህ ወደፊት ትከለው። ቀዳዳው አያሳስብህ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሣር ይሸፍነዋል።

ኮላውም ትንሽ ቀጥኗል መሰለኝ፤ ዳገቱ ላይ ሲወርድ መስመር ሠርቷል። ነጭ ኮላ በውሃ ይቅጠን፣ ግን ልክ አለው። ብሩሹ ሳይጎትት ይሂድ፤ ዳገት ላይ ግን ባለበት ይቆይ። በጣም ከቀጠነ ክሩን ደግፎ አያቆምም። ሳታቀጥነው ከቀባህ ደግሞ ላዩ ቶሎ ቆዳ ያወጣል፣ ክሩ አይገባለትም። ጥቂት ቡናማ የውሃ ቀለም ጣል ብታደርግበት ሁለት ነገር ታተርፋለህ። የት እንደቀባህ ይታይሃል፤ በክሮቹ መሐል የሚቀረው ክፍተትም አፈር ይመስላል። በነጭ ጀሶ ላይ በቀጥታ መዝራት የሚባል ነገር እንዳይኖር! ምንም ያህል ብታጠቅጥቀው ነጩ ከሥር ይታያል።

በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ አትቀባ። ወንፊቱን ከግማሽ በላይ አትሙላው፤ ክሩ ውስጡ መንቀሳቀስ አለበት። ከኮላው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ያዘውና በቀስታ ነቅነቅ አድርገው። ከራቅህ መስኩ ይደክማል፣ በጣም ከቀረብህ ብልጭ ይላል። ጥሩ ሲሠራ በጆሮህም ታውቀዋለህ፤ ቅልል ያለ የመንሾካሾክ ድምፅ አለው። ጎንበስ ብለህ በጎን እየው። ክሮቹ ገና አየር ላይ እያሉ ቀጥ ሲሉ ታያለህ። አንዳንዶቹ ኮላው ላይ ቦታ አጥተው ወደ ወንፊቱ ተመልሰው ይዘላሉ። ያኔ ያ ቦታ ጠግቧል፤ ሂድ ወደሚቀጥለው።

ኤሌክትሪኩን ሳልለቅ፣ ከመጀመርህ በፊት ባቡሮቹን በሙሉ ከገበታው አንሳ። የመቆጣጠሪያውን ሽቦም ከሐዲዱ ንቀል። ከመዝሪያው የሚወጣው ከረንት በጣም ትንሽ ነው፣ ቮልቴጁ ግን ለሎኮሞቲቭ ዲኮደር፣ ማለትም በውስጡ ላለችው ትእዛዝ ተቀባይ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የሚመች አይደለም። ስትጨርስ አጥፋውና ወንፊቱን ከምስማሩ ጋር አነካካው፤ የቀረው ቻርጅ በዚያ ይውጣ። ካልሆነ በጣትህ ታወጣዋለህ። ጉዳት ባይኖረውም አጉል ቁንጥጫ ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ጓደኛ ካለህ ግን «ሞክረው» ብለህ እንዳትሰጠው፤ አጠገብህም አይቁም።

ሐዲዱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው። ከሁሉም በላይ ባቡሩ መስመር የሚቀይርበትን ቦታ። ተንቀሳቃሹ ሐዲድ ሥር የገባች አንዲት ክር መስመሩ እስከ መጨረሻው እንዳይዘጋ ታደርጋለች፤ ባቡሩ እዚያች ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ይወድቅና አንተ መንኮራኩሩን ስትወቅስ ትውላለህ። የሎኮሞቲቭ ማርሽ ጥርስ ላይ የተጠመጠመች ክር ደግሞ የባሰች ናት። በመርፌና በማጉያ መነጽር ነው የምትወጣው።

አሁን ወደ ምንጣፉ እንምጣ።

ሂሳቡን እንሥራው። ያንተ ገበታ ኤች ኦ በሚባለው ሚዛን ነው የተሠራው፣ 1፡87፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። 2 ሚሊ ሜትር ክር በእውነተኛው ዓለም 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 4 ሚሊ ሜትሩ 35 ይደርሳል። 6 ሚሊ ሜትሩ 52። 12 ሚሊ ሜትሩ ከ1 ሜትር ያልፋል። አንተ 6 ሚሊ ሜትሩን በየቦታው እኩል ዘርተኸዋል። መድረኩ አጠገብ ሻንጣ ይዞ የቆመው ሰውዬ ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሣሩ ጉልበቱ ድረስ ደርሷል። ተሳፋሪ የሚመላለስበት ቦታ እንደዚያ ሊያድግ አይችልም። በ1፡160 የሚሠራው ጓደኛህ ያንኑ ክር ቢዘራ ደግሞ 1 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሁልጊዜ በሚዛንህ አባዛውና ከትንሹ ሰውዬ ጋር አስተያየው። የትኛው ክር የት እንደሚሄድ ራሱ ይነግርሃል።

ግን ርዝመት ብቻም አይደለም። ሣር እኩል አይበቅልም። ሰው የሚረግጠው ቦታ አፈር ብቻ ይሆናል። ከመንገዱ ዳር አጭርና የገረጣ ነው። አጥር ሥር፣ ምሰሶ ሥር፣ የምልክት መብራቱ እግር ላይ ይረዝማል፤ ማጭድ እዚያ ድረስ አይገባም። ውሃ የሚያቁር ቦይ ውስጥ ይጠቁራል፣ ይፋፋል። ጠጠሩ ላይ ደግሞ እንዳይበቅል ነው የሚፈለገው። ጠጠሩ የተደረገው ውሃ እንዲያሳልፍ ነው፤ አፈርና ሥር ከሞላው ውሃ ያቁራል። አንተ ይሄን ሁሉ አረንጓዴ አልብሰኸዋል። እኔ ብሆን ኮላ የያዘ ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት ሣር የማይኖርባቸውን ቦታዎች በእርሳስ እከብባቸው ነበር። መንገዱ፣ የጣቢያው በር ፊት፣ የዛፉ ጥላ ሥር፣ ከብት የሚሻገርበት። ባዶው ቦታ ሲኖር ነው ሣሩ ሣር የሚመስለው።

ደግሞ ዘመኑን አትርሳ። አንተ የምታስሮጠው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። የእንፋሎት ባቡር ከጭስ ማውጫው የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል። ደረቅ ሣር ካገኘ ያቃጥላል። ስለዚህ የሐዲድ ሠራተኞች በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሣር ያጭዱት ነበር፤ አስቀድመው ራሳቸው የሚያቃጥሉበትም ነበር። በእንግሊዝ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከዋናው መስመር መደበኛ አገልግሎት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሱ የአንድ ቦታ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ብታይ ትገረማለህ። ድሮ ተላጭቶ ይታይ የነበረው ዳገት በኋላ ቁጥቋጦና ዛፍ ወርሶታል። ስለዚህ ላንተ ሐዲድ ዳገት 2 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ፣ የተቃጠለ የሚመስል ቦታ ብትተው ደግሞ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ፈገግ ይልልሃል። ዲዝል ስትገዛ ያኔ እንደ ልብህ አስረዝመው።

ቀለሙን በተመለከተ አጭር ነኝ። ከአንድ ፓኬት ብቻ አትዝራ። ሁለት ሦስት አረንጓዴና አንድ ገለባማ ቀለም ደባልቅ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታዋህድ። ማሰሮውን ሁለት ጊዜ ገልበጥ አድርገህ ተው፤ ጥቂት ዥንጉርጉር ይሁን። ገለባማው አብዝቼ ይሆን ብለህ የምትፈራውን ያህል ይሁን። ስትመርጥም ገበታው በሚበራበት መብራት ሥር ምረጥ፤ በፀሐይ ያማረ አረንጓዴ በቢጫ አምፖል ሥር ሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚያ ድርብ። የመጀመሪያው ንብርብር ደርቆ ሲያድር፣ ረዘም ያለ ሣር የምትፈልግበት ቦታ ላይ ብቻ የሚያጣብቅ ስፕሬይ ንፋ። ጠንካራ የፀጉር ስፕሬይም ይሠራል። ቤቶቹንና ሐዲዱን ግን ሸፍን። ስፕሬዩ ቶሎ ስለሚደርቅ ቦታው ትንሽ ይሁን፣ እጅህም ይፍጠን። በዚያ ላይ 4 ሚሊ ሜትሩን በስሱ ዝራበት፤ አጥር ሥር ደግሞ 6 ሚሊ ሜትሩን። ሁለተኛው ንብርብር የመጀመሪያውን መሸፈን የለበትም፣ እየተቆራረጠ ይሂድ።

ዳገት ላይ አንድ ነገር አስተውል። ክሩ የሚቆመው ለኮላው ገጽ ቀጥ ብሎ ነው፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል። እውነተኛ ሣር ግን ወደ ሰማይ ነው የሚያድገው። ኮላው ሳይደርቅ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርገው። ከላይ ስታየው ልዩነቱ አይታይህም። ስልክህን ሐዲዱ ላይ አስተኝተህ በሰውዬው ዓይን ከፍታ ስታየው ነው የሚገባህ።

አንድ ላይ ተሰብስበው ለብቻቸው የሚቆሙ ሣሮች ከፈለግህ ለመግዛት አትቸኩል። ብረት ትሪ ላይ የማይጣበቅ ወረቀት አንጥፍ፣ መቆንጠጫውን ትሪው ላይ አድርግ። ወረቀቱ ላይ ኮላ በጠብታ በጠብታ አስቀምጥና ዝራበት። አንዳንዱን ጠብታ ትንሽ፣ አንዳንዱን ሰፋ አድርገው፤ ዙሪያውም ክብ አይሁን። ሲደርቅ በወረንጦ እያነሳህ የድንጋይ ሥር፣ የግድግዳ ጥግ ትተክለዋለህ። መዝሪያው የማይገባበት ቦታ ሁሉ በዚህ ነው የሚሸፈነው።

የተረፈውን ክር አትጣል። ኮላው በደንብ ሲደርቅ የቫኪዩሙ አፍ ላይ ስቶኪንግ አስረህ በቀስታ ሳበው። ስቶኪንጉ ውስጥ የተሰበሰበውን አንድ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠው። ቀለሙ የተደባለቀ ነው፤ ለባከነ ጥግ፣ ለአሮጌ መጋዘን ጓሮ ከዚያ የተሻለ አታገኝም። ክዳኑን ግን ግጥም አድርገው። እርጥበት ከገባው ይቋጠራል፣ ከወንፊቱም አይወርድም።

አሁን የሠራኸውን ሁሉ እንዳትነቅለው። የመድረኩን ዙሪያ ብቻ ለብ ባለ ውሃ አርጥበው፤ ነጭ ኮላ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ በስለት ጫፍ ይነሳል። ጠጠርህም በዚያው ኮላ የተያያዘ ስለሆነ ውሃው እንዳይደርስበት በጨርቅ ከልል። የዋሻው አፍ ላይ የተኛውን ግን ተወው። ገለባማ ቀለም በደረቅ ብሩሽ ከላይ ከላይ ብትዳስሰው የዓምናው ደረቅ ሣር ይሆንልሃል። ምስማሩን አቅርበህ 2 ሚሊ ሜትሩን እዚያው ላይ ድርብበት።

እናትህ