ሠልጣኝ ሳይለካ አይመረቅ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ብዙ ወጣቶች ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚመዘገቡበት ወቅት ላይ ነን። በባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስና ገመድ አልባ ቴሌኮም የሚመርጡት ጥቂት አይደሉም፤ ደግም አድርገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሁለት የሞባይል ኦፕሬተሮች እየሠሩ ነው፤ ማማው፣ ባትሪው፣ ፋይበሩና አንቴናው ሁሉ የሚተክለውና የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። በዚሁ ሙያ የምናሠለጥን እንደመሆናችን አንድ ነገር ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል፦ ማንም ሠልጣኝ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በመሣሪያ ለክቶ፣ ያገኘውን ቁጥር በመዝገቡ ላይ ሳያሰፍር ከኮሌጅ አይውጣ።

አንድ የመለኪያ መሣሪያ ለ30 ሰው ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ወርክሾፕ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። አሠልጣኙ ይሠራል፣ ፊት የቆሙት አምስት ስድስት ልጆች ያያሉ፣ የቀሩት በኋላ ከጓደኛቸው ደብተር ይገለብጣሉ። ልጁ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ጥያቄውን አጥንቶ ሊያልፍ ይችላል። የጎደለው ነገር የሚታወቀው ሥራ ላይ፣ ያውም ክረምት ሲገባ ነው።

የአንቴና ኬብል ኮኔክተርን እንውሰድ። ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደው ኮአክሲያል ኬብል 50 ኦም ነው፤ የቴሌቪዥን ዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ሌላ ስሕተት ባይሠራ እንኳ በመገናኛው ላይ ብቻ ቪኤስደብልዩአሩን 1.5 አድርሶታል። ይህ ቁጥር ወደ አንቴናው ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣ ይናገራል፦ 1.2 ከሆነ የሚመለሰው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ 1.5 ሲሆን 4 በመቶ፣ 3 ሲደርስ 25 በመቶ። ግማሽ ኢንች ኬብል ሲቆረጥ ሴጌቶው ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ የሚቆረጠው ጫፍ ወደ መሬት ያዘንብል፣ አለዚያ የመዳቡ ብናኝ ነጩ ፎም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጠርዙ በሞረድ ይስተካከላል፣ በብሩሽ ይጠረጋል፣ የመሐል ሽቦው ርዝመት በአምራቹ ሥዕል ላይ ካለው ልክ ጋር ይመሳከራል። ዲን 7/16 የሚባለው ትልቁ ኮኔክተር የሚጠብቀው በቶርክ መፍቻ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። በፒንሳ ታስሮ “ጠብቋል” የተባለ ኮኔክተር ዛሬ ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ ነፋስ ማማውን ሲያወዛውዘው እየላላ ሄዶ አውታሩን መረበሽ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ማማ አያስፈልግም። ኬብሉ በእያንዳንዱ ሙከራ ጫፉ እየተቆረጠ ስለሚደገም፣ አንድ ሠልጣኝ 10 ጊዜ ሠርቶ 10 ጊዜ ለመለካት 2 ሜትር ኬብል ይበቃዋል። ብዙዎቹ ኮኔክተሮችም ተፈትተው እንደገና ይታሰራሉ። በመጀመሪያው ሙከራ 1.8 ያገኘ ልጅ በ10ኛው 1.1 ሲያገኝ እጁ ምን እንደተማረ ራሱ ያየዋል።

በእኛ አካባቢ አየር ከባዱ ጉዳይ ግን ውኃ ነው። ኮኔክተሩ ከታሰረ በኋላ መጀመሪያ ጥቁር ናስትሮ፣ ከዚያ ማስቲክ የሚባለው የሚለጠፍ ጎማ፣ በላዩ እንደገና ናስትሮ ይጠመጠማል። የመጨረሻው ንብርብር ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ዙርም የበፊተኛውን ግማሽ ይሸፍናል። የሣር ቤት ሲከደን ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ክዳኑ ከታች ካልተጀመረ ዝናቡ በየንብርብሩ ውስጥ ይገባል። ናስትሮውን በመጨረሻ በእጅ ጎትቶ መበጠስም ስሕተት ነው፤ የተለጠጠው ጫፍ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ይላቀቃል፣ ስለዚህ በቢላ ይቆረጥ። ውኃ የገባበት ኮኔክተር ቴክኒሻኑን የሚያደናግረው ችግሩ ስለሚመላለስ ነው። ዝናብ በጣለበት ሌሊት ቪኤስደብልዩአሩ ይወጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይወርዳል። ባለሙያው ረፋድ ላይ ደርሶ ሲለካ ደህና ነው። ከዚያ ጥፋት የሌለበት ሬዲዮ ተነቅሎ ይቀየራል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኧርዝ፣ ማለት መብረቅንና ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ማያያዣ ነው። በክረምት መብረቅ የሚበዛበት አገር ላይ ነን፣ የቆምነውም በባዛልት ድንጋይ ላይ ነው። ጣናን ገድቦ ሐይቅ ያደረገው ራሱ ጥንት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በብዙ ቦታ አፈሩ ስስ ስለሆነ ዘንጉ ብዙ ሳይገባ ድንጋይ ያገኛል። ሠልጣኞች የኧርዝ ዘንግ ሲተከል ያያሉ፣ ሲለካ የሚያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ዘንጉ ከመሣሪያዎቹ ይፈታል (ሰማዩ ካጉረመረመ ግን ፈጽሞ አይነካም)፣ አንድ የብረት ካስማ በ30 ሜትር ርቀት ይተከላል፣ ሁለተኛው በዚያው መስመር በ62 በመቶው ላይ፣ ማለት በ18.6 ሜትር ይቆማል። ከተለካ በኋላ የመሐሉ ካስማ ወደ 17 ከዚያም ወደ 20 ሜትር ተዛውሮ ይደገማል። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ልኬቱ ይታመናል፤ ከተራራቁ የውጭው ካስማ መራቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ5 ኦም በታች ነው።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለው አለ። በነሐሴ፣ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ የተለካ ኧርዝ ማንንም ደስ ያሰኛል። ያው ዘንግ በሚያዝያ፣ አፈሩ ሲደርቅ ቁጥሩ ብዙ ከፍ ሊል ይችላል፤ የክረምቱ የመጀመሪያ መብረቆች ደግሞ የሚመጡት ልክ ከዚያ ደረቅ ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ የኮሌጁ የትምህርት መርሐ ግብር ይህን ልኬት በበጋው መጨረሻ ያድርገው። ልጆቹ ያንኑ ዘንግ በሁለቱም ወቅት ቢለኩት ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው።

ሦስተኛውን ለባሕር ዳር የሰጣት ሐይቁ ነው። ከከተማዋ ዳርቻ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ውኃውን የሚያቋርጥ መስመር ለማስተማሪያ የሚሆን ምርጥ ቦታ ነው፤ ለስሌት ርቀቱን 10 ኪሎ ሜትር እንያዝ። በ5.8 ጊጋኸርዝ በባዶ አየር የሚጠፋው 128 ዴሲቤል (የሲግናል ብርታት መጨመርና መቀነስ መለኪያ) ያህል ነው። ላኪው 20 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር የሚለካ ኃይል)፣ ማለትም 100 ሚሊዋት፣ በሁለቱም ወገን 25 ዲቢአይ (የአንቴና የማጉላት አቅም መለኪያ) አንቴና፣ ለኬብልና ለኮኔክተር 2 ዴሲቤል ቢታሰብ ተቀባዩ ላይ −60 ዲቢኤም ይጠበቃል። ሠልጣኙ ይህን በወረቀት ሠርቶ ይሂድና ይትከል። −72 ካነበበ 12 ዴሲቤሉ የት እንደጠፋ መፈለግ ትምህርቱ ነው። አንዱ የተለመደ ምክንያት አንቴናው አብዛኛውን ኃይል በሚልክበት በዋናው ጨረር ፋንታ በደካማው የጎን ጨረር መያዙ ነው፤ መድኃኒቱ አንቴናውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ማዞር፣ ከሚገኙት የሲግናል ከፍታዎች መሐለኛውንና ትልቁን መያዝ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች መድገም ነው። የመጀመሪያውን ከፍታ ሲያገኝ ብሎኑን የሚያጠብቅ ልጅ እዚያው ይቀራል።

ዓይን ለዓይን መተያየት ብቻም አይበቃም። በዚህ ርቀትና ፍሪኩዌንሲ የፍሬኔል ዞን የሚባለው የሞገዱ መንገድ በመሐል ላይ ራዲየሱ 11.4 ሜትር ነው፤ 60 በመቶው፣ ማለት ወደ 7 ሜትር የሚጠጋው፣ ነፃ መሆን አለበት። የምድር ክብነት ሌላ 1.5 ሜትር ይጨምራል። ውኃው ደግሞ መስተዋት ነው። ጠዋት ሐይቁ ረጭ ሲል የተንጸባረቀው ሞገድ ከቀጥተኛው ጋር ተገናኝቶ አንዴ ያጠናክረዋል አንዴ ያዳክመዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያንን ነጸብራቅ ይበታትነዋል። በሁለቱም ዳር ከውኃው 20 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ አንቴናዎች በቀላል ስሌት የቀጥተኛውና የተንጸባረቀው ሞገድ የመንገድ ልዩነት 8 ሴንቲ ሜትር ነው። የጣና ውኃ ከክረምት ማብቂያ እስከ ቀጣዩ ክረምት መግቢያ እየጎደለ ይሄዳል፤ 1 ሜትር ሲጎድል ልዩነቱ 8.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሞገዱ ርዝመት 5.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይህች ትንሽ ለውጥ ሲግናሉን በጥቂት ዴሲቤል ታንቀሳቅሰዋለች። ጥቅምት ላይ ያማረ መስመር ግንቦት ላይ ቢዋዥቅ መሣሪያው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። መፍትሔውም ይታወቃል፦ በአንድ ምሰሶ ላይ በቁመት የተራራቁ ሁለት አንቴናዎች መትከል፤ ወይም አንዱን ዳር ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ነጸብራቁ የሚነሣበትን ቦታ ወደ ዝቅተኛው ዳር ማስጠጋት፣ እዚያም ዛፍ እንዲከልለው ማድረግ። የዘጌ ደን ለዚህ የተመቸ ነው። የፍሪኩዌንሲ አጠቃቀሙ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደንብ መሠረት መሆን እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ፈቃድ መጠየቁን ራሱን ልጆቹ ቢማሩት የሥራው አካል ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፍ። በቴሌኮም ጣቢያ ያለው 48 ቮልት ከመኪና ባትሪ ልማድ ይለያል፤ ከምድር ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፣ ይህም መስመሮቹን ከዝገት ለመጠበቅ የተለመደ ነው። ይህን ያልተለማመደ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ሥራው ላይ ፊውዝ ያቃጥላል። 20 አምፔር የሚበላ ጣቢያ ለ8 ሰዓት እንዲቆይ 160 አምፔር ሰዓት ይፈልጋል፣ ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይራቆት 200 ይያዝለታል። ፋይበር ሲፈተሽ በ1310 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ብቻ ማየት አይበቃም፤ የታጠፈ ፋይበር በይበልጥ የሚጋለጠው በ1550 ነው። ስታኞ ሲቀለጥ ካውያው የሚያሞቀው መገጣጠሚያውን ነው፣ ስታኞው ራሱ ካውያው ላይ አይቀልጥም፤ ያለዚያ ላዩ የያዘ ውስጡ ያልያዘ ብየዳ ይሆናል።

የምንጠይቀው የሚቻል ነገር ነው። ኦፕሬተሮችና የማማ ሥራ ተቋራጮች ሲቀይሩ የሚያወርዱትን ኬብል፣ ጃምፐር (አጭር ማገናኛ ኬብል)፣ ኮኔክተርና አንቴና ለኮሌጆች ይስጡ። ያረጀ ባትሪ ግን አይላክ፤ አሲዱና እርሳሱ ለልጆች ጤና አይሆንም። ባሕር ዳር ለወርክሾፕ ትምህርት እንግዳ አይደለችም፤ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው የተከፈተው፣ ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። ዩኒቨርሲቲው የመለኪያ መሣሪያዎቹን በሳምንቱ መጨረሻ ለኮሌጅ ሠልጣኞች ቢከፍት፣ እያንዳንዱ ኮሌጅ ውድ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ አይኖርበትም። ለመውጣት መለማመጃ 6 ሜትር ምሰሶ ይበቃል፤ ሁለት መንጠቆ ያለው ሙሉ የደኅንነት ቀበቶ ይኑረው፣ አንዱ መንጠቆ ሳይያዝ ሌላው አይፈታ።

በመዝገቡም ላይ ቢያንስ 10 ኮኔክተር፣ 20 የፋይበር ብየዳ፣ ሦስት የኧርዝ ልኬትና ተሠልቶ የተተከለ አንድ መስመር ከነቁጥራቸው ይስፈሩ፤ ያልተሳኩት ሙከራዎችም አይሰረዙ። የመጀመሪያው የኧርዝ ልኬት ከመጪው ሚያዝያ እንዳያልፍ፣ ኮሌጆች ካስማውንና ሽቦውን ከአሁኑ ቢያዘጋጁ ጊዜው ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሮኒክስና የገመድ አልባ ቴሌኮም ሙያ አሠልጣኞች
ባሕር ዳር